ፀጉሬን በተቆረጥኩ ማግስት ማን ሞተ?

እናቴ አልሞተችም! ይህን መጻፍ እንዴት እንደሚጣፍጥ ልነግራችሁ አልችልም። ዛሬ ጠዋት በስልክ፣ በራሷ ድምፅ፣ "አንቺ የማትረቢ!" ብላ ሰደበችኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ስድብ ያስደሰተኝ ነገር የለም። ጩኸቴን ስለቀው የአከራያችን ዶሮዎች ተበታተኑ። አክስቴ ወርቅነሽ እስካሁን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ታለቅሳለች። ምክንያቱም እሷም አልሞተችም።

እንዴት ነው ነገሩ ትሉኝ ይሆናል። ልጻፈው። የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ ዝም ማለት አልችልም። የምጽፈው ሃላሌ ለቀራችሁት ጓደኞቼና እንደ እኔ ለትምህርት ወደ ሶዶ ለወረዳችሁት ነው። "ሃላሌና ሶዶ አንድ ዞን አይደሉም እንዴ፣ ይሄ ምን ስደት ይባላል?" የምትሉ ካላችሁ፣ እስቲ በክረምት መንገድ በሚኒባስ ተጭናችሁ ኑና ከዚያ እናወራለን።

ከመውጣቴ በፊት ባለው ምሽት እናቴ ጉልበቶቿ መሃል አስቀመጠችኝ። ፀጉሬን ፈታች፣ ቅቤ ቀባች፣ ሹሩባ ሠራችኝ። ሚዶው ላይ የቀረውን ፀጉር እንደ ሁልጊዜው በጣቷ ጠቅልላ የጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ወሸቀችው።

"ፀጉርሽን ሜዳ ላይ እንዳትጥዪ" አለችኝ። "ወፍ ወስዳ ጎጆ ከሠራችበት ራስሽን ይፈልጥሻል።"

"ሶዶ ወፍ አለ እንዴ?" ብዬ ቀለድኩ።

"ወፍ የሌለበት አገር የለም" አለች። አልሳቀችም።

ጎህ ሲቀድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። እኛ ጋ ጭጋጉ ከታች፣ ከኦሞ በኩል እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ቁልቁል አይታችሁት፣ "መጣ" ብላችሁ፣ ልብስ ታስገባላችሁ። ሶዶ ግን ጭጋግ ከላይ ነው የሚመጣው። ከዳሞታ ተራራ ላይ ተነስቶ ከጀርባችሁ ይወርድና፣ መንገድ ላይ አብራችሁ ስታወሩ የነበረችው ልጅ ድምፅ ብቻ ሆና ትቀራለች። እስካሁን አልለመድኩትም። የተቀቀለው የቦይና ሥርም ውሃ ውሃ ይላል። የበርበሬው ዳታ ያቃጥላል ይባላል እንጂ የእናቴን ዳታ የበላ ሰው ይሄን ለሕፃን ያጎርሰዋል።

ትምህርት ቤት ልመዘገብ ስሄድ መዝጋቢው ቀና ሳይል "ከየት ነው የመጣሽው?" አለኝ።

"ከሃላሌ።"

"የወላጅ ስልክ?"

ነገርኩት። ደወለ። "አይሠራም እኮ።"

"ስልኩ ይሠራል። ኔትወርክ ነው የሌለው። እናቴ ኮረብታው ላይ ስትወጣ እሷ ትደውላለች።"

"መቼ ነው የምትወጣው?"

"ስናፍቃት።"

አሁን ቀና አለ። "ታዲያ 'ስትናፍቃት' ብዬ እዚህ ልጻፍልሽ?"

የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነው። አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ናት። አንድ ክፍል የተከራየነው እትዬ ሙሉነሽ ግቢ ውስጥ ነው። የእሳቸው ወላጆች ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ ስለዚህ ሶዶን የሠሯት እነሱ እንደሆኑ በየቀኑ ይነግሩናል።

እንግዲህ ፀጉሩ። የክፍሌ ልጆች ሌየር ተቆርጠው ሲመጡ፣ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ፊታቸው ላይ ሲወርድ፣ ዓይኔ ከጥቁር ሰሌዳው ተነስቶ እነሱ ላይ ይተከላል። አክስቴን ለመንኳት። እሷ ገና ከታይፎይድ እያገገመች ነበርና ለመከራከር ጉልበት አልነበራትም። "ፀጉሩ ያንቺ ነው፣ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይቁረጥሽ" አለችኝ። እናቴን አላስፈቀድኩም፤ ኮረብታው ላይ አልወጣችማ።

ሮዛ የምትባል ፀጉር ሠሪ ጋ ሄድኩ። ስልክ ላይ ያወረድኩትን ፎቶ ሰጠኋት። "ይሄን ነው የምፈልገው።"

ሮዛ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ፎቶውን አየች። "የእኔ ቆንጆ፣ የእሷ ሉጫ ነው፣ ያንቺ ከርዳዳ። ሉጫ ፀጉር ስትቆርጪው ቁልቁል ይወርዳል። ያንቺ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ይሄን አጭር ሌየር አናትሽ ላይ ብሠራልሽ፣ ዛሬ በካስክ አድርቄ አሳምሬ እልክሻለሁ፤ ስትታጠቢ ግን ምን ትመስያለሽ?"

"ምን?"

"የተዘረጋ ጃንጥላ።"

ከዚያ አንዲት ዘለላ መዘዘች፣ ውሃ ነክታ ጎተተቻት። ትከሻዬን አልፋ ወረደች። ለቀቀቻት። እንደ ቀንድ አውጣ እየተጠቀለለች ወጥታ ጆሮዬ አጠገብ ቆመች። "አየሽ የት እንደገባች? እርጥብ ፀጉር ውሸታም ነው። ያንቺን ዓይነት ደረቁን፣ እንደተፈጠረው ሆኖ፣ ጥቅል በጥቅል ነው የምቆርጠው። የላይኛውን ደረጃ ረጅም እተወዋለሁ፣ ክብደቱ የታችኛውን እንዲይዘው። ፀጉር በሚያሳሳ መቀስ አልነካውም፤ ጫፉ ይበተናል።"

"ስስ ቢሆን ኖሮስ?"

"ስስ ቢሆን ብዙ ደረጃ አላወጣበትም ነበር፤ አይጥ የበላው ይመስላል። እሺ አሁን ንገሪኝ፤ ጠዋት ጠዋት ፀጉርሽን ለመሥራት ጊዜ አለሽ?"

"ጠዋት ውሃ እቀዳለሁ።"

"እንግዲያው እስከ አገጭሽ። ታጥበሽው፣ በጣትሽ አፍታትተሽው፣ ራሱ ቦታውን የሚያውቅ።"

እስከ አገጭ! ከልጅነቴ ጀምሮ እናቴ ያሳደገችው ፀጉር ነው። "ቁረጪው" ስል የሰማሁት ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም። መቀሱ ጆሮዬ ስር ክርት፣ ክርት ሲል ውጭ ጭጋጉ ወርዶ የሱቁ መስታወት ነጭ ሆነ። መንገዱ የለም፣ ባጃጆቹ የሉም፣ ጥሩምባቸው ብቻ።

ሲያልቅ ሮዛ ሁለተኛውን መስታወት ከኋላዬ ያዘች። ቀና ስል እናቴ አየችኝ።

እየዋሸሁ አይደለም። በእኛ ሰፈር፣ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ሴት ፀጉሯን የምትቆርጠው ሰው ሲሞትባት ነው። ቤተ ክርስቲያን ተዉ ብላለች፣ ወጣቶቹም ትተውታል፣ ትልልቆቹ ግን ሐዘን ሲመጣ እጃቸው መቀሱን ያውቀዋል። አያቴ ስትሞት እናቴ ጓሮ ገብታ ስትወጣ ሌላ ሴት ነበረች፤ አገጯ ድረስ የተቆረጠ ፀጉር፣ ትልልቅ ዓይኖች። ያቺ ሴት ነበረች መስታወቱ ውስጥ የተቀመጠችው። እጄን ሳነሳ እጇን አነሳች።

"አልወደድሽውም?" አለች ሮዛ።

"ወድጄዋለሁ" አልኩ፤ እውነቴን ነበር። እንደዚያ አምሮብኝ አያውቅም። ዓይኔ ግን ወለሉ ላይ ወደወደቀው ፀጉር ሄደ። "የተቆረጠውን ስጪኝ።"

"ምን ልታደርጊው?"

"ግድግዳ ውስጥ እወሽቀዋለሁ።"

እየሳቀች በፌስታል ሰበሰበችልኝ። ቤት ስደርስ የሶዶን ችግር አስተዋልኩ፤ ግድግዳው ብሎኬት ነው። እትዬ ሙሉነሽን ጠየቅኋቸው።

"የእኔ ቤት ስንጥቅ የለውም" አሉ።

"ከበሩ ጎን አንዲት አለች፣ እትዬ።"

"ያቺ ስንጥቅ አይደለችም። እኔ አላየኋትም፣ አንቺም አላየሻትም። ዛሬ ስንጥቅ ካልን ነገ ኪራይ ቀንሱ ልትሉ ነው።"

"እሺ፣ አፈር ውስጥ ልቅበረው?"

"እኔ ግቢ ውስጥ ምንም አይቀበርም!" ካሉ በኋላ ደንገጥ ብለው አማተቡ። አባባሉ ለራሳቸውም ደስ አላላቸውም መሰለኝ።

ለጊዜው ብዬ ፌስታሉን ቆርቆሮው አጥር ላይ ካለው ሚስማር ሰቀልኩት። ጠዋት ለውሃ ስወጣ ወፎች ወርረውት ነበር። የሚገርማችሁ፣ አይጮሁም። አንድም ድምፅ የለም። ፌስታሉን ቀደው ተራ እንደያዘ ሰው እየመጡ፣ የሚችሉትን እየነቀሉ፣ ወደ ጭጋጉ ይገባሉ። አንዲቷ ከአፏ እስከ እግሯ የሚንጠለጠል ጥቁር ጥቅል ይዛ አጥሩ ላይ ቆማ አየችኝ። የእኔን ፀጉር ይዛ እኔን አየችኝ! "ሂጂ!" ብል አልሄደችም። ራሴን ዳሰስኩ። ምንም አላመመኝም።

አንገቴ ከተወለድኩ ጀምሮ ብርድ አይቶ አያውቅም፤ ያን ቀን በረዶ የገባበት መሰለኝ። እትዬ ሙሉነሽ አዝነው ሻላቸውን አዋሱኝ። ጥቁር ሻል ነበር። ቅዝቃዜውን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ትምህርት አልነበረም፤ አክስቴ ቀይ ሽንኩርት ግዢ ብላኝ ወደ ገበያ ወጣሁ።

ገበያው ውስጥ ጭጋጉ ሰዎቹን ከወገብ በላይ በልቷቸዋል። እግርና ዘንቢል ብቻ ይሄዳል። እዚያ መሃል ጋሽ ሶርሳን አየኋቸው፤ የሃላሌው ቅቤ ነጋዴ፣ የእናቴ ጎረቤት። ደስታዬ! "ጋሽ ሶርሳ! ሳሮ?" ብዬ በአገራችን ሰላምታ እየተጣራሁ ሮጥኩ።

ዞሩ። ፊቴን አዩ፣ ፀጉሬን አዩ፣ ሻሉን አዩ። ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ" አሉ።

እጃቸውን ያዝኩ።

"ጽኚ። እሱ ያመጣው ነው። እናትሽ… እናትሽ…" አሉና መጨረስ አቃታቸው። እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው "መኪናው ሊሄድብኝ ነው፣ እዚያ መድረስ አለብኝ" ብለው ዞሩ። ሁለት ሦስት እርምጃ፣ ከዚያ ባርኔጣቸው፣ ከዚያ ምንም።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ማንም በቀጥታ አይነግርህም። መጀመሪያ ሰዎች እንግዳ ሆነው ያዩሃል፣ ድምፃቸው ይለሰልሳል፣ ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ደጅህ ላይ ሰብሰብ ብለው ይቆማሉ። ጋሽ ሶርሳ የሰማሁ መስሏቸው አመለጣቸው ብዬ አሰብኩ። ከሃላሌ ነው የመጡት። "እናትሽ" ነው ያሉት። ሽንኩርቱን ረሳሁት።

ወደ ቤት ስሄድ ከሃላሌ መጥተው ሶዶ የሚነግዱ ሁለት ሴቶች በራችን ላይ ቆመዋል። ወደ ግቢው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ፣ ይንሾካሾካሉ። ሲያዩኝ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ ጎንበስ ብለው አለፉኝ። ያኔ አረጋገጥኩ። አጥሩን ይዤ ነው የገባሁት።

ከእኔ ቀድሞ ወሬው እትዬ ሙሉነሽ ጋ ደርሷል። ወንበር እያወጡ ነበር። አክስቴ ከመኝታዋ ተነስታ በሩ ላይ ቆማለች።

"እትዬ፣ ወንበሩ ለምንድነው?" ትላለች።

"አይዞሽ፣ የእኔ ልጅ። ድንኳን መጣል ትችላላችሁ፣ አልከለክልም። ችካሉን ግን ሲሚንቶው ላይ እንዳትመቱ። ሲያልቅም ግቢውን አጥባችሁ ነው የምታስረክቡኝ።"

"ማን ሞቶ?"

እትዬ ሙሉነሽ ወደ እኔ አዩ። አክስቴም ወደ እኔ አየች። ጥቁሩን ሻል፣ የተቆረጠውን ፀጉሬን፣ ፊቴን አየች። ፀጉሬን ትናንት አይታዋለች፣ "ያምራል" ብላኛለች፤ አሁን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየችው ሆነች።

"ጋሽ ሶርሳ ነገሩኝ" አልኩ። "እናቴ…"

አክስቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እህቷ ናት፣ ያሳደገቻት።

ስልክ ስንሞክር ዋልን። "የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ሊገኙ አይችሉም" ትላለች ያቺ ሴትዮ፤ እንደዚያ ቀን ድምፅዋ አስፈርቶኝ አያውቅም። ሊገኙ አይችሉም። ለጊዜው ማለቷ ራሱ ውሸት መሰለኝ። መስኮቱ ላይ ሲመሽ መልኬን አየሁት፤ እናቴ ናት። ፀጉሬን ስቆርጥ ቀድሞ ያወቀው እጄ ይሆን? እሷ ናት መስታወቱ ውስጥ መጥታ የተሰናበተችኝ? አክስቴ መስኮቱን በነጠላ ሸፈነችው።

ዛሬ ጠዋት ልብሳችንን ሸክፈን ወደ መናኸሪያ ልንወጣ ስንል የአክስቴ ስልክ ጮኸ። የእናቴ ቁጥር ነው። ቤታችን ውስጥ የሞተ ሰው ስልክ ማን እንደሚያነሳ አላውቅም፤ እኔ አልቻልኩም። አክስቴ ናት ያነሳችው፤ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"ሃሎ?"

ነፋስ ይሰማል፣ ሞተር፣ ከጀርባ የሚያለቅሱ ሴቶች። ከዚያ የእናቴ ድምፅ፦ "ማን ልበል?"

"እኔ… እኔ ነኝ። ወርቅነሽ።"

"ወርቅነሽ ሞታለች" አለች እናቴ በዝግታ። "የእህቴን ስልክ የያዝሽው ማን ነሽ?"

አክስቴ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። "የሞትሽው አንቺ ነሽ" አለቻት።

"እኔ? እኔ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ!"

"ወርቄ?" አለች እናቴ። "አንቺ ነሽ? በልጅነትሽ ከምን ዛፍ ነው የወደቅሽው?"

"ከአቮካዶው። አንቺ ነሽ የገፋሽኝ!"

ሚኒባሱ ውስጥ እልልታ ቀለጠ፤ እኔም ያኔ ነው የጮህኩት።

ለካ ጋሽ ሶርሳ ፀጉሬንና ጥቁሩን ሻል ሲያዩ፣ አክስቴ ታማ እንደነበር ያውቁ ነበርና፣ አከተመላት ብለዋል። "እናትሽ" ያሉት "እናትሽ ይህን እንዴት ትችለዋለች" ሊሉ ነው። በራችን ላይ የቆሙት ሴቶችም እንደዚሁ ገበያ ውስጥ አይተውኝ፣ ለእትዬ ሙሉነሽ ለቅሶ አለ ብለው ነበር። በእኛ ዘንድ ደግሞ ሐዘንተኛን ገበያ መሃል "ማን ሞተብሽ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ ሳይጠይቁ እያለቀሱ ሃላሌ ደረሱ፤ ማታውን ድንኳን ተጣለ፤ ዛሬ በጠዋት እናቴ ጎረቤቱን ጭና እህቷን ልትቀብር ተነሳች። እኛ እዚህ እናቴን፣ እነሱ እዚያ አክስቴን!

ከዚያ ነው የተሰደብኩት። "ፀጉርሽን ቆርጠሽ፣ ጥቁር ለብሰሽ ገበያ ትዞሪያለሽ? አንቺ የማትረቢ! ሰው አስገደልሽኝ!" እኔ ደግሞ "በቃ፣ ዕቃሽን ሰብስቢና ተመለሽ" የሚለውን ነበር የምጠብቀው። ትምህርቴ፣ ድርሰቴ፣ ሁሉም በዚያ አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።

"ያምርብሻል?" አለችኝ ድንገት።

"አንቺን እመስላለሁ።"

"እንግዲያማ ያምርብሻል። ትምህርትሽን ተማሪ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ብቻ ትናንት ከጠዋት ጀምሮ፣ ሶርሳም ሳይደርስ፣ ራሴን ሊሰነጥቀው ነው። እንዲህ አሞኝ አያውቅም። ፀጉርሽን የት ነው የጣልሽው?"

ኔትወርኩ ተቋረጠ። ወይም እኔ ዘጋሁት።

ከመቋረጡ በፊት ለአክስቴ የነገረቻትን መልእክት ግን ላስተላልፍላችሁ፤ ለዚሁ ነው በቴሌግራም ግሩፓችን የምለቀው። "ለለቅሶ ያነሳሁትን ምግብ ቤቴ አልመልሰውም፤ የሰማ ሁሉ ይምጣና ይብላ" ብላለች። የሃላሌ ቦይና፣ ቆጮ፣ ቅቤና የሚያቃጥለው እውነተኛው ዳታ መንገድ ላይ ነው። እትዬ ሙሉነሽ ወንበሮቹን አላስገቡም፤ ሮዛም ሱቋን ዘግታ ትመጣለች፤ እናቴ "ያቺን ልጅ አሳዩኝ" ብላለች፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ ሶዶ ያላችሁ ሁሉ ኑ። ቤታችን ከመናኸሪያው በላይ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቆርቆሮ አጥር ነው። ጥቁር አትልበሱ። ፀጉራችሁን ግን ጥብቅ አድርጋችሁ አስራችሁ ኑ፤ ወፎቹ አሁንም አጥሩ ላይ ናቸው።